የአክስቴ የቅቤ ጣቶች

«አሉሚኒየም አይዝግም» ብሎ ያስተማረኝን ሰው ባገኘው ጆሮውን ይዤ ነቀምቴ አመጣውና ክረምቱን ሙሉ ደጅ አቆመው ነበር። አዲስ አበባ ተቀምጦ ማውራት ቀላል ነው። እርግጥ ነው፣ እንደ ብረት ቀይ ዝገት አያወጣም። እኛ አገር ግን ዝናቡ አንዴ ከጀመረ መሬቱም ግድግዳውም ልብሱም እርጥብ ነው፤ አሉሚኒየሙም ዱቄት የነሰነሱበት ይመስል ነጭ ነገር ያወጣል። ያ ነጭ ነገር ድስት ላይ ሲሆን ማንም ግድ የለውም፣ ታጥቦ ይሄዳል። ድምፅ ማጉያ ውስጥ ሲገባ ግን የአባቴን ድምፅ ወሰደብኝ።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው፤ ትራንዚስተር የሚባለው ነገር ለአገራችን ገና እንግዳ የነበረበት። እኔ አዲስ አበባ የቴክኒክ ትምህርት ተምሬ፣ አንድ ሬዲዮ ጥገና ቤትም ጥቂት ሠርቼ፣ ነቀምቴ ገበያው አጠገብ የራሴን ጥገና ቤት ከፍቼ ነበር። ሴት ልጅ ሬዲዮ ስትፈታ ለማየት ብቻ የሚመጣ ሰው ሞልቷል። ደህናውን ሬዲዮ «ተበላሸ» ብሎ ታቅፎ የሚመጣም አይጠፋም። እንዲህ ያለውን «ሬዲዮህ ጤነኛ ነው፤ አንተን ግን አንድ ሰው ይይህ» ብዬ እሸኘዋለሁ። አፌ እንደዛ ነበር፤ አሁንም ብዙ አልተሻለውም።

ክፍሏን ያከራየኝ ከጎኔ ሱቅ ያለው የጉራጌ ነጋዴ ነው። ድስት፣ ሰሃን፣ ፋኖስ፣ የባትሪ ድንጋይ፣ ሰፌድ ሰፊዎች የሚገዙት የስንደዶ ቀለም፣ የማይሸጠው ነገር አልነበረም። ኦሮምኛው ከእኔ የተሻለ ነው። ሲምል «ወላሂ» ይላል፣ አርብ አርብ ሱቁን ዘግቶ ይሰግዳል፤ ከአባቴ ጋር ሲገናኙ ግን ሰላምታቸው አያልቅም። «አካም ቡልተኒ፣ አባ ኮ?» ይለዋል ጎንበስ ብሎ፣ እንዴት አደሩ አባቴ እንደማለት። አባቴ የወንጌል ሰባኪ ነበር። ማይክሮፎን ወለጋ ሳይደርስ በፊት ሜዳ ሙሉ ሰው በባዶ ጉሮሮው ሲሰብክ የኖረ ሰው ነው።

አንድ ዓመት ክረምቱ ሊያበቃ ሲል በተደረገ የምእመናን ስብሰባ ላይ፣ ከክረምቱ በፊት እኔ ራሴ የገጣጠምኩትን ድምፅ ማጉያ ይዤ ቀረብኩ። ኩራቴን አታንሱብኝ። ከነጋዴው ሱቅ የተገኘ የአሉሚኒየም ዝርግ ቆርጬ፣ አጥፌ፣ በስቼ ሻሲ ሠርቼለት ነበር። ሻሲ ማለት የማጉያው ዕቃ ሁሉ በቡሎን የሚታሰርበት ሆዱ ማለት ነው። ጠዋት እንደ ልብ ሠራ። ከሰዓት በኋላ ዝናብ ዘንቦ አባራ፤ አባቴ የስብከቱ መካከል ላይ ሲደርስ ማጉያው ተንኮሻኮሸ፣ ተንጫጫ፣ ጸጥ አለ። ከኋላ ያለው ሰው «አልተሰማንም» እያለ ወደ ፊት መግፋት ጀመረ። አባቴ ማቆም ሲገባው ማይክሮፎኑን ወደ ጎን ገፋ አድርጎ በገዛ ጉሮሮው ቀጠለ። እስከ መጨረሻው ቃል ድረስ ጮኸ። በማግስቱ ሲነሳ ድምፁ የለም።

ሐኪሙ ጉሮሮውን በመብራት አይቶ «ቀስ ብለው ካወሩ ትንሽ ይመለሳል። ከጮኹ ግን እሷም ትሄዳለች» አለው። የተመለሰው ሹክሹክታ የሚመስል ነገር ነበር። ቤት ውስጥ እኛ እንሰማዋለን፤ በሩ ላይ ያለ ሰው ግን አይሰማውም። ያ ሜዳውን የሚሞላ ሰው ከጎረቤት ጋር በእጁ ማውራት ጀመረ።

በሚቀጥለው ዓመት ግንቦት መጨረሻ፣ ቢላ በምትባል የወለጋ ከተማ አዲስ ቤተ ክርስቲያን ሊመረቅ ሆነ። ቢላ አባቴ የተወለደባት ናት፤ ገና ጎረምሳ ሳለ መጀመሪያ የሰበከውም እዚያው ነው። ሽማግሌዎቹ ባኬ ጃማ ሰፈር ያለው ቤታችን መጡና «እርስዎ ባርከው ይክፈቱልን፤ ስብከቱን ሌላ ሰው ይያዘው» አሉ። አባቴ ወደ እኔ በአገጩ አመለከተ። ማጉያዋን ታድሳለች ማለቱ ነው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ በጣም በትህትና «ባለፈው ዓመትም እሷው ነበረች» አለ። ውሸት ቢሆን ኖሮ ባልተናደድኩ። በኋላ ግን ተስማሙ፦ የሚያስተማምን ማጉያ ካለ አባቴ ይሰብካል፣ ከሌለ ሌላው ይሰብካል።

ከሄዱ በኋላ አባቴ ጠራኝ። «ኢንታላ ኮ» አለኝ፣ ልጄ ማለቱ ነው። «ቢላ ላይ አንድ ጊዜ ልናገር። ከዚያ ወዲያ ዝም ብልም ግድ የለኝም።»

እንዲህ ከተባለ በኋላ ማን ይተኛል? በነጋታው ማለዳ ማጉያውን ፈታሁት። ጥፋቱ ራሱን አሳየኝ። በየቡሎኑ ሥር፣ ሽቦው ሻሲውን በሚነካበት ቦታ ሁሉ ነጭ ዱቄት ተጋግሯል። ሻሲው ሆድ ብቻ አይደለም፣ ኤሌክትሪኩ ተመልሶ የሚሄድበት መንገድም ነው። ዱቄቱ መንገዱን ዘግቶታል። ወረዳውን ሁሉ በአንድ ድልድይ የምታሻግር አገር ድልድዩ ቢቆረጥ የሚሆነው ነው የሆነው። ካቻቢቴዬን ወረወርኩና ብቻዬን «አገኘሁህ!» ብዬ ጮህኩ። ነጋዴው ሌባ የያዝኩ መስሎት ሚዛን በእጁ እንደያዘ ሮጦ ገባ።

«ማል ታቴ? ምን ሆንሽ?»

«ይሄ ልብስ ያስፈልገዋል» አልኩት ሻሲውን እያሳየሁ። «ራቁቱን ነው የላክሁት።»

«ታዲያ ቀለም ቀቢዋ! እኔ ዘንድ አረንጓዴ አለ፣ የበርና የመስኮት። አስር ክረምት አይበግረውም።»

ስለ ቀለም ብዙ ተከራከርን። እሱ በርና መስኮት የሚያይበት ዓይን ሌላ ነው፣ እኔ ማጉያ የማይበት ሌላ። ያም ሆኖ ሞከርኩት፤ የሰውን ምክር ሳልሞክር አልንቅም። ቁራጭ አሉሚኒየም አረንጓዴ ቀብቼ፣ ቡሎን አስሬበት፣ ጣሪያው የሚያፈሰውን ውሃ እንዲጠጣ ጓሮ አስቀመጥኩት። ቡሎኑ ሲጠብቅ ቀለሙ ተሰነጠቀ፤ ውሃው በስንጥቁ ሥር ሾልኮ ገባ፤ ጥቂት ቀን ቆይቼ ሳየው ቀለሙ ቋቁቻ እንደያዘው ቆዳ ሆኗል። በዚያ ላይ ቀለም ወፍራም ነው። ትራንዚስተሮቹ ሙቀታቸውን የሚያስወጡት በሻሲው በኩል ስለሆነ፣ ሻሲውን በጋቢ እንደመሸፈን ነው። ነጋዴው ቁራጩን አገላብጦ አየና «በሩ ላይ እንዲህ አይሆንም ነበር» አለ። እሱ ደግሞ ዕቃው ሲነካበት አይወድም።

ያን ጊዜ ነው አዲስ አበባ ያየሁት ነገር ትዝ ያለኝ። ጥገና ቤቱ ውስጥ ከውጭ አገር የመጣ አንድ ትልቅ ማጉያ ነበር፣ ፊቱ ጥቁር፣ በሚስማር ብትጭረው የማይጫር። ቀለም መስሎኝ ነበር። አለቃችን ግን «ቀለም አይደለም፣ አሉሚኒየሙ ራሱ ነው የጠነከረው» ብሎ አስረድቶናል። አሉሚኒየሙን አሲድ ውስጥ ትሰቅለዋለህ፤ በባትሪ ኤሌክትሪክ ትልክበታለህ፤ ላዩ ላይ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ስስ ቆዳ ያወጣል። ያ ቆዳ ትኩስ እያለ ቀለም ይጠጣል። ከዚያ በፈላ ውሃ ስትቀቅለው ቀዳዳው ይደፈናል፤ ውሃ አይገባውም። ከገዛ ሥጋው የወጣ ልብስ ነው። ይሄን ሳስበው ተነስቼ በክፍሏ ውስጥ መዞር ጀመርኩ። አሲድ? ከመኪና ባትሪ አለ። ኤሌክትሪክ? ማጉያው ራሱ የሚሠራው በመኪና ባትሪ ነው። የባትሪው ሌላኛው ጫፍ ላይ የሚሰቀል የእርሳስ ብረት? የሞተ ባትሪ ሆድ ውስጥ ሞልቷል። ቀለም? የስንደዶ ቀለም ከጎኔ ሱቅ አለልሽ!

ነጋዴው ይሄን ሲሰማ ዓይኑ በራ። ጥርጣሬውም፣ ሱቁም፣ ደንበኛውም ተረሳ። ጓሮ ውስጥ ትልቅ የላስቲክ ሳፋ አስቀመጥን። እኔ አሲዱን ውሃው ላይ ቀስ እያልኩ ስጨምር እሱ «ቢስሚላሂ» እያለ ከግድግዳው ጋር ተለጥፎ ያያል። አዲስ ዝርግ ቆርጬ የሠራሁትን ሻሲ በአመድና በሳሙና ፈትጌ ሰቀልኩት። ሽቦውን ባትሪው ላይ ሳገናኝ ከእርሳሱ ጥቃቅን አረፋ ተነሳ። «ተነፈሰ! ወላሂ ተነፈሰ!» አለ። እኔም ሳቅኩ፤ እውነትም የሚተነፍስ ይመስል ነበር።

ጥቁር ቀለም ስላልነበረው ያለውን ወይን ጠጅ ሰጠኝ። ሻሲውን ከአሲዱ አውጥቼ፣ አለቅልቄ፣ ቀለሙ ውስጥ ስከተው ጠጣው። አይቼ የማላውቀው ነገር ነበር። ብረት እንደ ሸማ ቀለም ሲጠጣ! ከቀቀልኩት በኋላ በሚስማር ብጭረው ሚስማሩ ተንሸራተተ። ውሃ ብናፈስበት እየተንከባለለ ወረደ። ከገበያ የመጡ ሴቶች ሰፌዳቸውን አስቀምጠው «የእኛ ቀለም'ኮ ነው!» ብለው ተገረሙ። በደስታ አብጄ ነበር። ዕቃውን ሁሉ አሰርኩበት፣ መበየጃ ስታኞውን በየቦታው አንጠባጠብኩ፣ ማይክሮፎኑን ሰካሁ፣ ከፈትኩት።

እንደ ተነካ የንብ ቀፎ አጉረመረመ። ቀጥሎ ፉጨት፣ ጆሮ የሚበጣ ፉጨት። ገበያው ውስጥ ያሉ አህዮች ደነበሩ። ዘግቼ ብከፍተው ያው ነው። ኤሌክትሪክ ማለፉን በመርፌ የሚያሳየኝን ቴስተር አነሳሁና ሁለቱን ጫፎች ወይን ጠጁ ላይ አሳረፍኩ። መርፌው አልተነቃነቀም። ያ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ቆዳ፣ ውሃ የማያሳልፈው፣ ኤሌክትሪክም አያሳልፍም። ዱቄቱ በአንድ ክረምት የዘጋብኝን መንገድ እኔ በአንድ ቀን፣ ያውም በገዛ እጄ፣ አሳምሬ ዘግቼዋለሁ። ቡሎኖቹ ሥር ያለውን በሞረድ ልፍቀው ብዬ ታገልኩ። ሞረዱ ይንሸራተታል፤ የተፋቀውም ጠርዙ እየተፈረፈረ ውሃ የሚገባበት በር ይከፍታል። ከቀለሙ አልተሻለም ማለት ነው። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ምረቃው በሚመጣው እሑድ ነው።

አሁን አክስቴ ትምጣ። የአባቴ ታላቅ እህት ናት፣ አዳዳ ነው የምንላት፤ ከእኛ ጋር ትኖራለች። በየእሑዱ ቤተ ክርስቲያን የፊት ወንበር ላይ ናት። ይሁን እንጂ አዲስ ቅልም ይሁን አዲስ ወንበር፣ ሙሽራም ትሁን አራስ፣ ቅቤ ሳይነካ አገልግሎት የሚጀምር ነገር በእሷ ዘንድ የለም። አባቴ ሲሰብክ «በረከት ከዋቃዮ ነው» ይላታል፣ ከእግዚአብሔር ማለቱ ነው፤ እሷም «ዋቃዮ አይደል ላሟን የፈጠራት?» ትለዋለች። እሱም ይስቃል። የማጉያውን ጩኸት ቤት ድረስ ሰምታ መጣች።

«ምን ሠራችሁት ይሄን ዕቃ?» አለች።

«አልሠራ አለ አዳዳ፣ ተይኝ» አልኳት።

«ሳትቀቡት? የሰባኪ ዕቃ እንደ ሌባ በጓሮ ተሠርቶ፣ ሳይመረቅ ይሠራል?»

አባቴ እንዴት እየሄደልኝ እንደሆነ እንዳይጠይቀኝ እየፈራሁ ምሳውን ልወስድለት ወጣሁ። ጓሮ ውስጥ የማጉያው የፊት ሳህን ታጥቦ፣ ተፈትጎ፣ ከአሲዱ አጠገብ ተሰቅሏል። የፊት ሳህን ምንም ኤሌክትሪክ አያልፍበትም፣ ለመልክ ብቻ ነውና እሱን እንዲከተው ለነጋዴው ቀድሜ ነግሬው ነበር። ሥራውንም ለምዶታል።

ስመለስ ሁለቱም በሩ ላይ ቆመዋል። አክስቴ ነጠላዋን እያስተካከለች ነው፣ ነጋዴው ጢሙን እያሻሸ። ሁለቱም ሲያዩኝ ሌላ ቦታ አዩ።

«ምን አጠፋችሁ?»

ነጋዴው ሳህኑን አወጣልኝ። መልኩ ወይን ጠጅ ነው፣ እንደ ሻሲው የሚያምር። መሀሉ ላይ ግን አምስት የጣት አሻራ፣ ነጭ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ከላይ ወደ ታች የተሰመረ። እኔ በሌለሁበት አክስቴ ከመቀነቷ ቅቤ አውጥታ ሳህኑን መርቃዋለች። እሱ ደግሞ ሳያይ ነው የከተተው። ቢያይም ዝም ይላት ነበር። አባ ኮ የሚለው ሰው እህት ስትመርቅ እንዴት አድርጎ ተይ ይበላት?

ጮህኩ። ያልተናገርኩት የለም። በኦሮምኛ ጀምሬ፣ በአማርኛ ቀጥዬ፣ ቃል ሲያልቅብኝ እጄን አወራጨሁ። ከጎረቤት ሱቅ ሰው ወጥቶ እያየኝ ነው። አክስቴ እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝና «ጨረስሽ?» አለች። «ዸዻው'ኮ ንጹሕ ነው። ከቢላ የመጣ ነው» አለች፣ ቅቤውን ማለቷ ነው፤ ጥፋቱ የቅቤው ጥራት ላይ ይመስል።

በንዴት ቴስተሩን አነሳሁ። ለምን እንዳነሳሁት ዛሬም አላውቅም፤ ሰው ሲናደድ እጁ የለመደውን ይይዛል። ወይን ጠጁን ወጋሁት፣ መርፌው ሞቷል። ነጩን ጣት ወጋሁት፤ መርፌው ዘሎ ጥግ ደረሰ።

እንደገና ወጋሁት። ዘለለ። ከመሀል ጣት ወደ አውራ ጣት ሞከርኩ። ዘለለ።

ቅቤው አሲዱን ከልክሎታል! ቅቤ የነካው ቦታ ቆዳ አላወጣም፣ ቀለምም አልጠጣም፣ ባዶ አሉሚኒየም እንደሆነ ቀርቷል። እኔ እኮ ሁሉን ላልብስ ወይስ ሁሉን ልግፈፍ እያልኩ ነበር የምጨነቀው። ማን አለ ሁሉን አልብሺ ያለኝ? ቡሎኑ የሚያርፍበት ቦታ አስቀድሞ ይሸፈን፣ የቀረው ይልበስ! ከዚያ ቡሎኑ ራሱ ባዶውን ቦታ ይከድነዋል። አክስቴን አንገቷን አቀፍኳት፣ አነሳኋት፣ አዞርኳት። ቀላል ሴት አልነበረችም። «ቅቤ አምጪ! አዳዳ፣ ቅቤ አምጪ!» እያልኩ ስጮህ የጎረቤቱ ሰውዬ በሩን ዘጋ። ነጋዴው ምን እንደተፈጠረ ሳይገባው ከእኛ ጋር ያጨበጭባል።

ቴስተሩን አሳየሁት። መርፌው ሲዘል ሲያይ ገባው። ገና ሳልጨርስለት «ቅቤ ግን ይፈሳል» አለኝ። «አንቺ የምትፈልጊው እንደ ሳንቲም ክብ ነገር አይደለም? ሰም ይሻላል።» ትክክል ነበር። የወለጋ ሰው ሰም አጥቶ አያውቅም። ወለላው ወደ ከተማ ይሄዳል፣ ሰሙ ሱቁ ውስጥ በየጥጉ ተጠፍጥፎ ተቀምጧል። እሱ ሰሙን ሊያመጣ ሮጠ፤ እኔ ለሳሙና የምንገዛውን ኮስቲክ ሶዳ በጥብጬ የሻሲውን ወይን ጠጅ ቆዳ ገፈፍኩ። ውሃው ሲያረፋና ቀለሙ ሲሄድ አልቆጨኝም።

አክስቴ ግን ተቀየመች። ቅቤዋ መንገዱን አሳይቶ ሥራውን ሰም ሊወስድባት ነው። «የእኔ ቅቤ ምን ሆነና?» አለች። ስለዚህ ተስማማን። በየቡሎኑ ቀዳዳ ዙሪያ የቀለጠ ሰም በእንጨት ጫፍ አንጠበጥባለሁ፤ የሻሲው አንዱ ጥግ፣ ምንም ዕቃ የማይታሰርበት፣ ለአክስቴ ጣት ይተዋል። መርቃ ቀባች። በአማርኛ ነበር የመረቀችው፣ ለነጋዴው አክብሮት ብላ፤ እሱ ግን በኦሮምኛ አሜን አላት።

እንደገና አሲድ፣ እንደገና አረፋ፣ እንደገና ቀለም። በፈላ ውሃ ስቀቅለው ሰሙ ቀልጦ ወደ ላይ ተንሳፈፈ። ሻሲውን ሳወጣው ወይን ጠጅ ሆኖ በየቀዳዳው ዙሪያ ብርማ ቀለበት አለው። እንዲህ ያለ የሚያምር ነገር ሠርቼ አላውቅም ነበር። ባዶው ጠርዝ ላይ እርጥበት እንዳይገባ ቡሎኑን ሁሉ በቫዝሊን አሽቼ አጠበቅሁ። ከፈትኩት። ምንም ድምፅ የለም። ነጋዴው «ሞተ?» አለ በፍርሃት። «አይ፣ እየጠበቀ ነው» አልኩትና ማይክሮፎኑን በጥፍሬ ነካሁ። ገበያው ውስጥ ያሉ ሰዎች በሙሉ ዞር አሉ።

አባቴን አላስሞከርኩትም። ያቺን የቀረችውን ድምፅ ለቢላ አስቀመጥናት። በእርግጥ ሽማግሌዎቹ ለመስማት ሲመጡ ያናገራቸው ነጋዴው ነው። የድስቱን ዋጋ በማጉያው ሲለፍፍ ሰምተው እየሳቁ ሄዱ።

ቅዳሜ በነጋዴው የጭነት መኪና ወጣን። መንገዱ ጭቃ ነው፤ ሁለት ቦታ ወርደን ገፋን። አባቴ ጋቢና ውስጥ አፉን በነጠላ ሸፍኖ ተቀምጧል፣ እኔ ከላይ ማጉያውን ጭኔ ላይ አቅፌዋለሁ። አክስቴ ከጎኔ ሆና በየጉድጓዱ ስንዘል ዕቃውን በእጇ ትደግፈዋለች። እሑድ ጠዋት ቢላ ሰው በሰው ሆነች። አዲሱ ቤት ሰዉን ስላልቻለው ስብከቱ ውጭ ሜዳው ላይ ሆነ። የማጉያውን መለከት፣ ድምፁ የሚወጣበትን፣ እንጨት ላይ ሰቀልነው። እኔ ከማጉያው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ፣ ነጋዴው ባትሪው ላይ ዣንጥላ ይዞ ቆመ። ሰማዩ ጠቁሯል።

አባቴ ማይክሮፎኑ ፊት ቆመና ጎንበስ አለ። እንደ ቤቱ ማውራት ጀመረ። ያ ሁሉ ሕዝብ ዕድሜውን ሙሉ የሚያውቀው የአባቴን ጩኸት ነው፤ ማታ ማታ ለእኛ ሲያወራ የምንሰማውን ድምፅ ሰምቶት አያውቅም። አሁን እስከ ሜዳው ዳርቻ፣ እስከ ባሕር ዛፎቹ ድረስ ያ ድምፅ ነው የሚሄደው፣ ሻካራ፣ ቀስ ያለ፣ ጆሮ አጠገብ የሚናገር የሚመስል። የሚያስል እንኳ አልነበረም። እኔ እንባዬ ይወርዳል፤ የቴስተሩን መርፌ ግን አያለሁ።

ከዚያ ዝናቡ መጣ። መጀመሪያ በትልልቅ ጠብታ፣ ቀጥሎ በአንዴ። ሰዉ ነጠላውን አናቱ ላይ ሳበ፣ ግን የተነሳ የለም። ውሃው መለከቱ ላይ፣ በርጩማዬ ላይ፣ ወይን ጠጁ ሳጥን ላይ ይወርዳል። የአዲሱ ቤት ቆርቆሮ ጣሪያ ይጮሃል። አባቴ አቆመ። ስብከቱ መካከል ላይ ነው፤ ባለፈው ዓመት ማጉያው ጸጥ ያለበት ዓይነት ቦታ። ሽማግሌዎቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። አባቴም ዞረ። ደረቱ ሲነሳ አየሁ፣ ሊጮህ ነው አልኩ። አልጮኸም። ወደ ማይክሮፎኑ ይበልጥ ጎንበስ አለ፣ ለእኔ ብቻ የሚናገር መስሎት።

«ኢንታላ ኮ» አለ። «ኒ ዸገአማ? ይሰማል?»

ልመልስለት አፌን ከፈትኩ። ቀድሞኝ መላው ሜዳ፣ ከፊት ያሉትም ባሕር ዛፎቹ ሥር ያሉትም፣ በአንድ አፍ መለሰለት።

«ኒ ዸገአማ!»

አባቴም ድምፁን ሳያነሳ ቀጠለ።